ድህነት ከተማሪ የሚወስደው ሰዓት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ውጤት ልዩነት ለሕዝብ ጎልቶ የሚታየው በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ከፊሉም ልጁ የትምህርት ቤት ደጅ ከመርገጡ በፊት ነው። የቤተሰቡ ገቢ፣ የወላጆቹ የትምህርት ደረጃ፣ የሚኖርበት አካባቢ፣ ሴት ወይም ወንድ ሆኖ መወለዱ ተደራርበው ለመማር የሚያገኘውን ጊዜና ጉልበት ይወስናሉ። ድህነት ከተማሪ የሚወስደው ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚወስደው ግን የመማሪያ ሰዓት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እነዚህ ውጤቶች የተገኙት ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። ቀደም ሲል ኩረጃው ሸፍኖት የኖረው ጉድለት በአንድ ጊዜ ገሃድ ወጣ። ውጤቱ ይፋ በሆነ ቁጥርም ተማሪው ሰነፍ ነው፣ መምህሩ አያስተምርም፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ከበደ እየተባለ ጣት መቀሳሰሩ የተለመደ ሆኗል። በየሰበቡ ጥቂት እውነት አለ። ሆኖም ወድቆ የሚመለሰው ተማሪ ከየት ቤት፣ በምን ዓይነት መንገድ ወደ ፈተናው አዳራሽ እንደደረሰ ሳይታይ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አያስረዳም።

መንገዱ የሚጀምረው ከእናት ማኅፀን ነው። በእርግዝና ወቅትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ቁመቱ ብቻ ሳይሆን የአእምሮው ዕድገትም ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በሀብት ደረጃ ዝቅተኛው አንድ አምስተኛ ላይ ባሉ ቤተሰቦች መጠኑ 45 በመቶ ሲደርስ፣ በከፍተኛው አንድ አምስተኛ ላይ ግን 26 በመቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በአገር ደረጃ 58 በመቶ እንደነበር ሲታሰብ ለውጡ ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ አሁንም አንደኛ ክፍል ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ይህን ጉዳት ይዘው ይመጣሉ።

የእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናት ይህን በዓይን እንዲታይ አድርጎታል። ጥናቱ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12 ሺህ ያህል ልጆችን ከልጅነታቸው እስከ ጉልምስናቸው የተከታተለ ሲሆን፣ ከእነዚህ 3 ሺህ ያህሉ በኢትዮጵያ 20 አካባቢዎች የሚኖሩ ናቸው። በድሃና በተሻለ ኑሮ ባሉ ቤተሰቦች ልጆች መካከል የቃላት ዕውቀት ልዩነት በአምስት ዓመታቸው፣ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይታይ ነበር። በሕፃንነታቸው የቀነጨሩ ልጆች ከፍ ሲሉ በሒሳብና በንባብ ዝቅተኛ ውጤት አምጥተዋል። ተስፋ የሚሰጠው ደግሞ ከቀነጨሩት ውስጥ ኑሯቸው ሲሻሻል ያገገሙ መኖራቸው ነው። ጉዳቱ ከባድ ይሁን እንጂ ለሁሉም የማይመለስ አይደለም።

ከዚያ አንደኛ ክፍል ይመጣል። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ‹‹ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ›› ብላ ትጽፋለች፤ ከስልሳ የሚበልጡ ልጆች በአንድ ድምፅ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ሁሉም የሚያነብ ይመስላል። መምህሯ በመሐል ‹‹ሌ››ን ነጥላ ስታሳይ ግን ልዩነቱ ይወጣል። መዋዕለ ሕፃናት የዋለው ወይም ቤት ውስጥ ታላቅ እህቱ ያስቆጠረችው ልጅ ወዲያው ይመልሳል። ሌላው ከ‹‹ለ›› ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ፣ በዜማው ተመርቶ አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ ልጅ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልለየም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሁሉንም ለይቶ ለማወቅ ጊዜ፣ ድግግሞሽና ቀርቦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንዲት መምህርት እያንዳንዱን ልጅ በቀን ለአንድ ደቂቃ ለየብቻው ብታስነብብ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ከአራት ሰዓት ትምህርት ላይ ያን ያህል መቀነስ ደግሞ አትችልም።

ስለዚህ ክፍሉ የሚሄደው በቀደሙት ልጆች እርምጃ ነው። የኋለኞቹም አይወድቁም፤ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለረጅም ጊዜ የኖረው ነፃ ዝውውር ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያሻግራቸው ቆይቷል። ማስደገም ልጆችን ከትምህርት ገበታ ስለሚያባርር የነፃ ዝውውሩ ሐሳብ በጎ ነበር። ያልተያዘው ትምህርት ግን አብሮ ይዛወራል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ግምት ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃን በሚያጠናቅቁበት ዕድሜ ላይ ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶው አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው በሚገባ አይረዱም ይላል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም፣ የኅብረተሰብ ትምህርቱም፣ የሒሳቡ የቃላት ጥያቄም ይዘጋበታል። ከዚህ በኋላ የሚጠፋው ሰዓት ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም የሚጠፋ ነው።

በገጠር ደግሞ መገኘቱ ራሱ ፈተና ነው። የትምህርት ዘመኑ መስከረም ላይ ይከፈትና አረም ሳያልቅ፣ አጨዳው ይከተላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የመኸር ወቅት የብዙ ቀበሌ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ይሳሳሉ። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሕፃናት ጉልበት ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆኑት ከዕድሜያቸው በላይ በሆነ ሥራ ላይ እንደነበሩ ገልጿል። ወንዱ ከብት ይጠብቃል፤ ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። ሠራተኛ መቅጠር የሚችል ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፤ የማይችለው አዝመራው ዝናብ እንዳይመታበት ልጁን ያስቀራል። ይህን ወላጅ ለትምህርት ደንታ የለውም ብሎ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያለ እህል የሚከርም ቤተሰብ ሌላ ምርጫ የለውም። ግን ልጁ በቀረባቸው ሦስት ሳምንታት ክፍሉ መደመርን ጨርሶ ወደ መቀነስ አልፏል፤ ሲመለስም የቀረበትን የሚያካክስለት የለም።

በልጃገረዶች ላይ ተጨማሪ ሸክም አለ። የወር አበባ ሲመጣ ውኃና የተለየ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት በየወሩ ጥቂት ቀናት ይቀራሉ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ያገቡት በ17 ዓመታቸው ገደማ ወይም ከዚያ ቀድመው ነበር፤ ያ ዕድሜ የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በወረዳው ከተማ ብቻ ከሆነ ቤት ተከራይቶ መማር ግድ ይሆናል። ለኪራይና ለስንቅ የሚሆን ገንዘብ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲኖር ብዙውን ጊዜ ወንዱ ይላካል።

ከተማ ውስጥ ርቀቱ ባያስቸግርም የሰዓቱ ልዩነት ሌላ መልክ ይይዛል። ተማሪ በበዛበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት በፈረቃ ይሰጣል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። የፈረቃ ተማሪ በቀን አራት ሰዓት፣ የሙሉ ቀን ተማሪ ስድስት ሰዓት ይማራል ቢባልና በዓመት 200 ያህል የትምህርት ቀን ቢታሰብ፣ ልዩነቱ በዓመት 400 ሰዓት ይሆናል። በስምንት ዓመት 3,200 ሰዓት ይደርሳል። ይህ የፈረቃው ተማሪ በአራት ሙሉ ዓመት የሚማረውን ያህል ነው። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ለአንድ ዓይነት የሚኒስትሪ ፈተና ይቀመጣሉ።

የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የሙሉ ቀን ትምህርት ብቻ አይደለም የሚሸጡት፤ የቋንቋ ብልጫም ይሰጣሉ። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ይሰጥና ከ7ኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በአንዳንድ ክልሎች ሽግግሩ የሚመጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መወሰኑ ትክክል ነበር፤ ልጅ ማንበብን የሚለምደው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ችግሩ ሽግግሩ ላይ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የዋለው የግል ትምህርት ቤት ልጅ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ሲማር የሚከብደው ባዮሎጂው ብቻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ ባዮሎጂውንም ቋንቋውንም አብሮ ይታገላል። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያብራራና ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ተማሪው የሰማው ይገባዋል፤ የጻፈው አይገባውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመጣው ደግሞ በጻፈው ቋንቋ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ደርግ በ1960ዎቹ መጨረሻ የግል ትምህርት ቤቶችን ከወረሰ በኋላ በከተሞች የሐኪሙም የቀን ሠራተኛውም ልጅ በአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዴስክ ይማር ነበር። ያን ዘመን ያለ ልክ ማሞካሸት አይገባም፤ የአብዛኛው ገበሬ ልጅ ያኔ ከትምህርት ውጭ ነበር፤ ያለው ትምህርትም ብዙ ጉድለት ነበረበት። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲፈቀዱ የመክፈል አቅም ያላቸው ወላጆች እየወጡ ሄዱ። አብረዋቸው የወጡት ልጆቻቸው ብቻ አይደሉም። ርእሰ መምህሩን መጽሐፉ ለምን አልመጣም ብሎ የሚጠይቅ፣ በወላጅ ኮሚቴ የሚከራከር፣ ለቤተ ሙከራ መዋጮ የሚያሰባስብ ሰውም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጣ። በመዋጮ የሚሠራ ክፍልና የሚገዛ ወንበር ባለበት አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ሻል ያለ ኑሮ ያለው ሰፈር ትምህርት ቤቱን ያድሳል፣ የደኸየው ሰፈር አይችልም።

ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓትም እኩል አይደለም። ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ያስመዘግባል፣ ክረምቱንም በክረምት ትምህርት ይሞላዋል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 48 በመቶው በ2008 ዓ.ም. ምንም መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። የእነዚህ እናቶች ልጅ ደብተሩን ቢገልጥ የቤት ሥራውን የሚያይለት የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በብዙ ትምህርት ቤቶች የታተመ መጽሐፍ በጊዜ ስላልደረሰ ትምህርቱ በሶፍት ኮፒ ነበር የሚሰጠው። ስማርት ስልክ ያለው ቤት ፋይሉን አወረደ፤ ስልክ የሌለው ተማሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የገለበጠውን ያህል ብቻ ያዘ። ከዚያ በፊት በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም የሆነው ይኸው ነው፤ በቴሌቪዥን፣ በራዲዮና በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት መብራትና መሣሪያ ያለውን ቤት አገለገለ። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም በቀጠሉት ግጭቶች ትምህርት ቤታቸው ለወራት ወይም ለዓመታት የተዘጋባቸው ልጆች ደግሞ ከሁሉም የከፋው ደርሶባቸዋል።

ታዲያ የቤተሰብ ኑሮ ይህን ያህል ከወሰነ ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ ይችላል? ጥያቄው በዓለም ላይ 60 ዓመት ያህል ሲያከራክር ቆይቷል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ከአራት ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶችና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች የተሰበሰበ መረጃ አጥንቶ፣ በውጤት ላይ የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ግብዓት የበለጠ ተጽዕኖ እንዳለው ጻፈ። ብዙዎች ይህን ‹‹ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም›› ብለው ተረጎሙት። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ስቲቨን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው፣ አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በውጤት ላይ ያለው ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ቤቱ መጽሐፍ በሌለው ልጅ እጅ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው አንድ መጽሐፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የአገር ውስጥ ምሳሌው የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ውጤት ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ፈተናዎች በአገር ደረጃ አብዛኛው ተማሪ ሲወድቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በብዛት አሳልፈዋል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት በፈተና የተመረጡ ልጆችን ስለሆነ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይሆንም። ቢሆንም ከመካከላቸው ከድሃ ቤት የመጡ አሉ፤ ያገኙትም ነገር በሦስት ጊዜ ምግብ፣ በማታ መብራት፣ በራሳቸው መጽሐፍና ከከብት ጥበቃና ከውኃ መቅዳት ነፃ በሆነ ሰዓት ይጠቃለላል።

ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ማድረስ ባይቻልም ከፊሉን ማድረስ ተችሏል። በአዲስ አበባ በረሃብ ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ተማሪዎች ጉዳይ ለዓመታት ሲነገር ቆይቶ፣ በመጀመሪያ በጎ አድራጊዎች በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መመገብ ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ምገባውን በራሱ በጀት ያዘ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ ማቅረብ ጀመረ። ቁርስና ምሳ የሚበላ ልጅ ከትምህርት አይቀርም፤ እናቱም ለምሳ ትቋጥርለት የነበረውን ለሌላ ታውለዋለች። ከመዲናዋ ውጭ ባሉ ብዙ ወረዳዎች ግን ምገባው የሚጀመረው ድርቅ ሲመጣ ወይም ረጂ ሲገኝ ነው፤ ርዳታው ሲቋረጥም ይቋረጣል።

ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍልም በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ መዋዕለ ሕፃናት መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ደርሷል። ቁጥሩ በፍጥነት አድጓል፤ ጥራቱ ግን አልተከተለውም። ብዙ ቦታ ለሕፃናት ባልሠለጠነ መምህር፣ መጫወቻ በሌለበት ባዶ ክፍል፣ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ለዚያ ገና ላልደረሰ ሕፃን የሚሰጥበት ሆኗል። ገና በእንጭጩ መስተካከል የሚችለው ልዩነት እዚያ ስለሆነ ይህን ክፍል ችላ ማለት የኋላውን ሁሉ ያስከፍላል።

ያመለጠን ሰዓት ማካካስ እንደሚቻልም ታይቷል። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚካሄደው ስፒድ ስኩል የተባለው መርሐ ግብር ያቋረጡ ወይም ጭራሹን ያልገቡ ልጆችን አነስ ባለ ክፍል ሰብስቦ፣ በጨዋታና በተግባር እያስተማረ፣ የሦስት ዓመቱን ትምህርት በአሥር ወር ያጠናቅቃል። ብዙዎቹም ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ገብተው ቀጥለዋል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ደግሞ ተማሪዎችን ለተወሰነ ሰዓት በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው መድቦ ያስተምራል፤ አምስተኛ ክፍል ሆኖ ፊደል የማይለይ ልጅ ከፊደል ይጀምራል። የማነጻጸሪያ ቡድን ይዘው በተደረጉ ተደጋጋሚ ጥናቶች ዘዴው የንባብ ችሎታን በእጅጉ እንዳሻሻለ ተረጋግጧል። ሁለቱም ውድ ዕቃ አይፈልጉም። የሚፈልጉት መምህሩ መጽሐፉን ለመጨረስ ከመሮጥ ተላቆ ልጁ ካለበት ቦታ እንዲጀምር ሥርዓቱ ፈቃድ እንዲሰጠው ነው።

እስካሁን ትልቁ የማካካሻ ጥረት የዋለው በመጨረሻው ደጅ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያ ነጥብ ካላመጡት የተሻሉት ተመርጠው በዩኒቨርሲቲዎች የሪሚዲያል (ማካካሻ) ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ፈተናውን ካለፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት ይገባሉ። ለእነዚህ ወጣቶች የተሰጠው ዕድል ተገቢ ነው። ነገር ግን ከድሃ ቤት የመጡት ልጆች አብዛኞቹ 12ኛ ክፍል አይደርሱም፤ ከአራተኛ፣ ከስድስተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል ወደ እርሻ፣ ወደ ቀን ሥራና ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ሪሚዲያሉ አይደርሳቸውም። ለእነሱ የሚደርሰው ማካካሻ አንደኛ ክፍል ‹‹ሌ››ን ከ‹‹ለ›› ጀምሮ ሲቆጥሩ፣ በመኸር ቀርተው ሲመለሱና በባዶ ሆድ ጠዋት ሲሰለፉ የሚሰጥ ነው፤ የበጀቱም ክርክር መደረግ ያለበት በዚህ ላይ ነው።